“ቅናት ነው” ማለት አይበቃም፦ አሸናፊ ቡድን ለምን ይጠላል?

ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ማክሰኞ ማታ በሰሜን ለንደን ግራ የሚያጋባ ጨዋታ ተደረገ። ቶተንሃም በሜዳው ማንቸስተር ሲቲን ያስተናግዳል። ቶተንሃም ካሸነፈ አራተኛ ሆኖ ለቻምፒየንስ ሊግ የማለፍ ተስፋው እስከ መጨረሻው ቀን ይዘልቃል፤ ከተሸነፈ ተስፋው እዚያው ያበቃል። የቶተንሃም ደጋፊ ታዲያ ምን ይመኝ? መልሱ ግልጽ ይመስላል።

ነገር ግን ስታዲየሙ ውስጥ ከነበሩት የቶተንሃም ደጋፊዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ቡድን እንዲያሸንፍ አልፈለጉም። ምክንያቱ አርሰናል ነው። የሰፈር ባላንጣቸው አርሰናል ከ20 ዓመት በኋላ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለማንሳት ተቃርቦ ነበር። ለዚያ ደግሞ ሲቲ ነጥብ መጣል አለበት፤ ነጥብ ያስጥለዋል ተብሎ ተስፋ የተደረገበት ቡድን ቶተንሃም ነው። እናም ኧርሊንግ ሃላንድ በቶተንሃም ላይ የመጀመሪያውን ጎል ሲያስቆጥር፣ ከባለሜዳዎቹ መካከል በአርሰናል ላይ የሚያላግጥ ዜማ ያሰሙ ነበሩ። ሶን ሁንግ ሚን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኝቶ ሲስት ደግሞ፣ በአንድ ስታዲየም ውስጥ እኩሉ ራሱን ይይዛል፣ እኩሉ “ተመስገን” ይላል።

ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። አራተኛው ቦታ ለአስተን ቪላ ሆነ። የቶተንሃም አሰልጣኝ አንጌ ፖስቴኮግሉ ከጨዋታው በኋላ ንዴቱን መደበቅ አልቻለም። በቀጣዩ እሁድ ሲቲ ዌስትሃምን 3 ለ 1 ረትቶ በ91 ነጥብ ዋንጫውን ሲወስድ፣ አርሰናል በ89 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ይሄን ታሪክ አዲስ አበባ ውስጥ ላለ የአርሰናል ደጋፊ ብታነሱለት መልሱ አንድ ቃል ነው፤ “ቅናት!” የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊም በሰር አሌክስ ፈርጉሰን ዘመን እንደዚያው ይል ነበር። የሪያል ማድሪድ ደጋፊም ይላል። አሸናፊ ቡድን ለምን ይጠላል ተብሎ ሲጠየቅ በዲኤስቲቪ ቤትም፣ በሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራምም፣ አንዳንዴም ሳይንስ ነክ በሆኑ ጽሑፎች የሚሰጠው መልስ ይሄው ነው። እኔ ደግሞ ይሄ መልስ ሰነፍ መልስ ነው እላለሁ። ሙሉ በሙሉ ስህተት ስለሆነ አይደለም፤ ጥያቄውን መልሶ ሳይጨርስ ስለሚዘጋው ነው።

መጀመሪያ ቃሉን የሚናገረው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። “ቀንተው ነው” የሚለው ሁልጊዜ የአሸናፊው ወገን ነው። ራሱን “እኔ ቀንቼ ነው የምጠላቸው” ብሎ የሚያስረዳ ደጋፊ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ከዚህም በላይ ይሄ ማብራሪያ ሊፈተን አይችልም። ተቃዋሚው ቢናገር ቀንቷል፤ ዝም ቢል ቅናቱን ደብቋል፤ ቢያደንቅ ደግሞ “በመጨረሻ አመነ” ይባላል። በሳይንስ ዓለም ምንም ቢከሰት የማይሳሳት ማብራሪያ ብዙም ክብር የለውም።

እስቲ ከባዶ እንጀምር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች “ዓ.ም.” ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንሪ ታጅፌል በፖላንድ ተወልዶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከፈረንሳይ ጦር ጋር ተማርኮ የተረፈ አይሁዳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ሰው ሰውን በቡድን ከፍሎ የሚጠላበትን ምክንያት ማጥናቱ ለእሱ ተራ የትምህርት ርዕስ አልነበረም። በ1970 እና በ1971 ባሳተማቸው ጥናቶች በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆችን ሰብስቦ ለሁለት ከፈላቸው። የተከፈሉበት ምክንያት የማይረባ ነበር፤ ነጠብጣቦችን አይታችሁ ስትገምቱ አብዝታችኋል ወይም አሳንሳችኋል፣ የዚህን ሰዓሊ ወይም የዚያን ሰዓሊ ሥዕል መርጣችኋል ተባሉ። እሱም ቢሆን ውሸት ነው፤ ክፍፍሉ በዕጣ ነበር። ልጆቹ አብረዋቸው የተመደቡት እነማን እንደሆኑ እንኳ አያውቁም።

ከዚያ ለሌሎች ልጆች ወደ ገንዘብ የሚቀየር ነጥብ እንዲያድሉ ተደረገ። ለራሳቸው መስጠት አይችሉም። ብዙዎቹ ለራሳቸው ወገን ማድላታቸው ብዙም አይገርምም። የሚገርመው ሌላ ነው። ምርጫው “የእኛ ወገን ብዙ ያግኝ፣ የእነሱ ደግሞ ትንሽ ይብለጥ” እና “የእኛ ወገን ያነሰ ያግኝ፣ የእነሱ ግን በጣም ያንሳል” በሆነ ጊዜ፣ ልጆቹ ወደ ሁለተኛው ያዘነብሉ ነበር። ማለትም ከጥቅሙ ይልቅ ልዩነቱን መረጡ። ለቡድናቸው የሚገባውን ነጥብ ከፍለው ብልጫን ገዙ።

አሁን ወደ ቶተንሃም ስታዲየም ተመለሱ። የቻምፒየንስ ሊግ ተስፋ ተከፈለ፤ አርሰናል ዋንጫ አለማንሳቱ ተገዛ። ሂሳቡ ያው ነው።

የእኛ አገር የፕሪሚየር ሊግ ድጋፍም ለታጅፌል ግኝት ጥሩ ማሳያ ነው ብዬ አስባለሁ። ለንደንን በካርታ ካልሆነ አይቶ የማያውቅ ልጅ ለምን የአርሰናል ደጋፊ ሆነ? ታላቅ ወንድሙ ስለነበረ፣ መጀመሪያ ያየው ጨዋታ እሱ ስለነበረ፣ ወይም የተገዛለት ማልያ ቀይ ስለነበረ። ከነጠብጣብ ቆጠራ ብዙም አይርቅም። ግን ከዚያ በኋላ ያለው ደስታና ሕመም የእውነት ነው፤ ቡድኑ ሲሸነፍ እራት የማይበላ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

ይሁን እንጂ ታጅፌል ብቻውን አያደርሰንም። የእሱ ሙከራ “እኛ” እና “እነሱ” እንዴት በቀላሉ እንደሚፈጠሩ ያሳያል እንጂ፣ ከ“እነሱ” መካከል አሸናፊው ተለይቶ ለምን እንደሚጠላ አይነግረንም። “እኛ” እና “እነሱ” ብቻ ቢሆን ኖሮ 15ኛ የወጣውን ቡድንና ሻምፒዮኑን እኩል እንጠላ ነበር። ለ15ኛው ግን ማንም ዘፈን አያወጣለትም።

እዚህ ላይ ነው ቅናት የሚገባው፤ መብቱን ልስጠው። የሚያናድደው ነገር የቃሉ አጠቃቀም ነው። አማርኛችን ለዚህ ከእንግሊዝኛ የተሻለ መሣሪያ አለው። ጎበዝ ተማሪ አይተን “እኔም እንደሷ መሆን አለብኝ” ብለን ስንነሳሳ “መንፈሳዊ ቅናት” እንላለን። የሌላው ሰው ያለው ነገር እንዲጠፋበት ስንመኝ ደግሞ “ምቀኝነት”። የኔዘርላንድሱ ተመራማሪ ኒልስ ቫን ደ ቬን እና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይሄንኑ ልዩነት ነው የተከተለው። የእነሱም ቋንቋ ለሁለቱ ስሜቶች ሁለት ቃል አለው። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ወዳላቸው ወደ አሜሪካና ወደ ስፔን ሄደው ሲያዩ፣ ቃሉ አንድ ቢሆንም ስሜቶቹ ግን እዚያም ሁለት ሆነው ተገኙ። አንደኛው ሰውን ወደ ላይ እንዲወጣ ይገፋዋል፤ ሌላኛው በላይ ያለውን ወደ ታች እንዲጎትት።

ስለዚህ “ቅናት ነው” ለሚል ሰው የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ “የትኛው?” ነው። የባላንጣውን የወጣቶች አካዳሚ አይቶ “እኛስ ለምን የለንም?” ብሎ የክለቡን ባለቤቶች የሚሞግት ደጋፊም ቀንቷል እኮ። እሱና በባላንጣው ውድቀት ጮቤ የሚረግጠው አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ይከብዳል። በዚያ ማክሰኞ ማታ አርሰናል ምን ነበረው የሚቀናበት? ለ20 ዓመት የሊግ ዋንጫ አላነሳም። ሻምፒዮኑ ሲቲ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከነበሩት ስድስት የውድድር ዘመኖች አምስቱን ያሸነፈው ሲቲ። ቅናት በስኬት መጠን የሚለካ ቢሆን የቶተንሃም ደጋፊ ሊጠላው የሚገባው ፊት ለፊቱ የሚጫወተውን ቡድን ነበር። እሱ ግን ለሲቲ አጨበጨበ። የፈራው የአርሰናልን ስኬት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የራሱን ሕመም ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ የሚጠብቀውን ፊት፣ በበጋው ሙሉ የሚሰማውን ዘፈን።

ይሄ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ኮሊን ሊች፣ ራስል ስፒርስ እና ባልደረቦቻቸው በ2003 ያሳተሙት ጥናት ስለ ኔዘርላንድስና ጀርመን ነው። ሁለቱ አገሮች በእግር ኳስ የቆየ ቁርሾ አላቸው፤ በ1974 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ምዕራብ ጀርመን ኔዘርላንድስን 2 ለ 1 አሸንፋለች። በ1998 የዓለም ዋንጫ ጀርመን በሩብ ፍጻሜ በክሮኤሺያ 3 ለ 0 ስትረታ፣ ተመራማሪዎቹ የኔዘርላንድስ ሰዎች ምን ያህል እንደተደሰቱ ጠየቁ። ደስታውን ከሚጨምሩት ነገሮች አንዱ የራሳቸው ቡድን ዝቅተኛነት እንዲታሰባቸው መደረጉ ነበር። በተለይ ለእግር ኳስ እምብዛም ግድ የሌላቸው ሰዎች ላይ ይሄ በግልጽ ታየ። ኳስ የሚወዱት ግን ማንም ሳያስታውሳቸውም በበቂ ሁኔታ ተደስተው ነበር!

ሊች እና ስፒርስ በ2008 ነገሩን ይበልጥ ገፉት። በውድድር የተሸነፉ ወገኖች ውጤታማው ወገን በተራው ሲወድቅ የሚሰማቸውን ደስታ ለኩ። ለደስታው ትልቁ ምክንያት የትኛው ነው? ያኛውን ወገን መጥላትና በስኬቱ መቅናት፣ ወይስ የራስ ወገን ማነስ ያመጣው ሕመም? ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው አጋደለ። ተመራማሪዎቹ ስሜቱን የአቅመ ቢሶች በቀል ብለው ነው የገለጹት።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ቅናት ዓይኑ በሌላው ላይ ነው፤ ሕመሙ ግን በራስ ላይ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድን አስቡ። ከ1993 እስከ 2013 ድረስ 13 ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ እንግሊዝ ውስጥ “ዩናይትድ ብቻ አይሁን እንጂ ማንም ይውሰደው” የሚል ስሜት የራሱ መጠሪያ እስኪወጣለት ድረስ ተስፋፋ። ፈርጉሰን ከተሰናበተ ወዲህ ግን ክለቡ ያንን ዋንጫ ሳያነሳ ከአስር ዓመት በላይ አለፈው። የሚቀናበት ነገር ከጠፋ ጥላቻውም አብሮ መጥፋት ነበረበት አይደል? አልጠፋም። እንዲያውም ዩናይትድ በተሸነፈ ቁጥር በቴሌግራም የሚዘዋወረው ቀልድ ከሌላው ቡድን ሁሉ ይበልጣል። ይሄ ቅናት ሳይሆን የቆየ ዕዳ ማስመለስ ነው፤ እነዚያን 20 ዓመታት አንገቱን ደፍቶ ያሳለፈ ሰው ወለዱን እየሰበሰበ ነው።

አንድ በየቦታው የሚጠቀስ የአንጎል ጥናትም አለ። ሚና ቺካራ እና ባልደረቦቿ በ2011 ያሳተሙት ሲሆን፣ የአሜሪካ ቤዝቦል ባላንጣዎች የሆኑትን የኒውዮርክ ያንኪስ እና የቦስተን ሬድ ሶክስ ቀንደኛ ደጋፊዎች የአንጎልን እንቅስቃሴ በሚያነብ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ጨዋታ አሳዩአቸው። የራስ ቡድን ሲሳካለት የሚነቃው፣ ከሽልማትና ከደስታ ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍል፣ ባላንጣው ሲሳሳትም ነቃ። ባላንጣው የተሳሳተው ከሦስተኛ ቡድን ጋር ሲጫወት ቢሆንም እንኳ! ጥሩ ጥናት ነው። ነገር ግን “የደጋፊ አንጎል በሰው ውድቀት እንዲደሰት ተሠርቷል” ብለው የሚያወሩት ከጥናቱ በላይ እየሄዱ ነው። ተሳታፊዎቹ ሃያ አይሞሉም፣ ሁሉም ቀንደኛ ደጋፊ ሆነው የተመረጡ ናቸው፣ ያ የአንጎል ክፍል ደግሞ ለብዙ ነገር ይነቃል። ማሽኑ ደስታው መኖሩን ጠቆመን። ከየት እንደመጣ አልነገረንም።

ከየት መጣ ለሚለው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ፍትሕ ነው። ሰው በሌላው ውድቀት ሲደሰት አማርኛ የሚሰጠው አባባል ምንድነው? “የእጁን አገኘ።” ውስጡ ፍርድ አለበት። አውስትራሊያዊው ኖርማን ፌዘር ለብዙ ዓመታት ያጠናው ይሄንን ነው። በአገሩ ከሌሎች በልጦ ጎልቶ የወጣን ሰው ከእርሻው በላይ አንገቱን ካወጣ አበባ ጋር ያመሳስሉታል፤ ጎልቶ ስለሚታይ ለመቆረጥም የመጀመሪያው ነው። ፌዘር ያገኘው ግን ሰዎች ረጅሙን አበባ ሁሉ መቁረጥ እንደማይፈልጉ ነው። ከፍታው ይገባዋል ብለው ካመኑ ውድቀቱ ያሳዝናቸዋል፤ አይገባውም ካሉ ያስደስታቸዋል።

በ2016 ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ አካባቢ ሆኑ። በእንግሊዝ ሌስተር ሲቲ፣ አቋማሪ ድርጅቶች በውድድሩ መጀመሪያ 5000 ለ 1 የሰጡት ቡድን፣ በክላውዲዮ ራኒዬሪ እየተመራ ሻምፒዮን ሆነ። በጀርመን ደግሞ አርቢ ላይፕዚግ በ2009 ከተመሠረተ በሰባት ዓመቱ ወደ ቡንደስሊጋ አደገ፤ በመጀመሪያው ዓመትም ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በወረቀት ላይ ሁለቱም ትልልቆቹን ያስደነገጡ ታናናሾች ናቸው። ሌስተር ግን የተሸነፉት ቡድኖች ደጋፊዎች ሳይቀሩ ያጨበጨቡለት ሆነ። ላይፕዚግ ከጀርመን ክለቦች ሁሉ በብዛት ከሚጠሉት አንዱ ሆነ፤ አንዳንድ የተጋጣሚ ደጋፊዎች ወደ ሜዳው ላለመሄድ እስከማደም ደርሰዋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ክለቡን የመሠረተው የኃይል ሰጪ መጠጥ አምራቹ ሬድ ቡል ነው፤ በጀርመን ደግሞ አባላት በክለባቸው ውሳኔ ላይ የበላይ ድምፅ ይኑራቸው የሚል ደንብ አለ። ላይፕዚግ የደንቡን ፊደል ጠብቆ መንፈሱን ጣሰ ብለው ነው የሚከሱት።

ስኬት ብቻ ቢሆን የሚያስጠላው ሻምፒዮኑ ሌስተር ይበልጥ በተጠላ ነበር። የጆሴፍ ቫንዴሎ እና ባልደረቦቹ የ2007 ጥናትም በዚህ ላይ ይጨምራል። ሰው በአብዛኛው ለደካማው ያደላል፤ ነገር ግን ይሸነፋል የተባለው ቡድን ከተጋጣሚው የበለጠ ገንዘብ እንዳለው ሲነገረው ያ ርኅራኄ ይከስማል። የምናዝነው ለደካማ ሳይሆን ለተበደለ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ግን ከፍትሕ ማብራሪያ ጋርም ቢሆን በጣም እንዳንፋቀር። ሌስተርም እኮ የታይላንዱ ቢሊየነር የቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ ክለብ ነበር። በታችኛው ሊግ ሳለ በ2013/14 የውድድር ዘመን የገንዘብ አወጣጥ ደንብ ጉዳይ ተነስቶበት፣ በ2018 የ3.1 ሚሊዮን ፓውንድ ክፍያ በመፈጸም ነው በስምምነት የዘጋው። ይሄን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የፍትሕ ስሜታችን መረጃውን ሁሉ መዝኖ የሚፈርድ ዳኛ አይደለም፤ ጥሩ ታሪክ ከሰማ ፋይሉን ይዘጋል። ሲቲ በ2008 በአቡዳቢ ባለሀብት ከተገዛ በኋላ የተሰበሰቡት ዋንጫዎች፣ በየካቲት 2023 ፕሪሚየር ሊጉ ያቀረበበት ከመቶ በላይ ክስ፣ ክለቡም ሙሉ በሙሉ መካዱ፣ ይሄ ሁሉ በማስረጃ ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው። “ቅናት ነው” የሚለው የሲቲ ደጋፊም፣ “ሌቦች ናቸው” ብሎ አስቀድሞ የፈረደውም ከማስረጃው በፊት ደርሰዋል። የመጀመሪያው ግን ተጨማሪ ጉዳት አለው፤ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዳኝነት፣ ስለ ደንብ የሚነሳን ትክክለኛ ጥያቄ የጠያቂው የጠባይ ችግር አድርጎ ያሳልፈዋል።

ስለ ቡድኑ ይሄን ያህል ካወራን፣ ስለ ደጋፊውስ? በእኔ እምነት ለአሸናፊ ቡድን የሚሰጠው ጥላቻ ግማሹ የሚገባው ለደጋፊዎቹ ነው። ሮበርት ቻልዲኒ እና ባልደረቦቹ በ1976 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸው ቡድን (የአሜሪካን ፉትቦል ነው) ቅዳሜ ካሸነፈ ሰኞ ዕለት የዩኒቨርሲቲያቸውን ስም የያዘ ልብስ አብዝተው እንደሚለብሱ ቆጠሩ። ስለ ጨዋታው ሲጠየቁም ከሽንፈት ይልቅ በድል ጊዜ “እኛ” የሚለውን ቃል አብዝተው ተጠቀሙ። እኛም “አሸነፍን” እንላለን፤ በማግስቱ ደግሞ “እነዚህ ልጆች እኮ አይረቡም፣ ተሸነፉ”። አስራ አንድ ሰዎች ሜዳ ላይ የለፉበትን ክብር ሶፋ ላይ ተቀምጦ መካፈል ምንም ክፋት የለውም። ግን ያ ክብር የሚታየው ሰው ፊት ሲለበስ ነው፤ ሰው ደግሞ አጠገባችሁ ያለው ተሸናፊው ነው። የተሸናፊው ደጋፊ ሃላንድን በአካል አያገኘውም፤ የሚያገኘው ጎረቤቱን ነው። ቡድኑ ብዙ ሲያሸንፍ እንዲህ ዓይነቱ ጎረቤት ይበዛል። ትናንት ደጋፊ ያልነበረ ሰው ዛሬ ማልያ ለብሶ ሲፎክር የሚፈጥረውን ንዴት ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ጥላቻ የደረጃ ሰንጠረዥን ሳይሆን ሰፈርን የሚከተለውም ለዚህ ይመስለኛል። አገር ቤት ውስጥ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከማንም በላይ የሊግ ዋንጫ ሰብስቧል። የእሱ ዋነኛ ባላንጣ ኢትዮጵያ ቡና ግን ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳው አንድ ጊዜ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። በዋንጫ ብዛት ተቀራርበው አይደለም የሚፎካከሩት። አንድ ከተማ፣ አንድ ስታዲየም፣ አንድ ታክሲ ስለሚጋሩ ነው። ከሸገር ደርቢ ማግስት አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ መዋል አይችልም።

ይሄ ሁሉ ቀልድና ተረብ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይሄን ያህል አልጽፍበትም ነበር። ከቺካራ ጥናት ሳልጠቅሰው ያለፍኩት አንድ ነገር አለ፤ በባላንጣው ውድቀት ጊዜ ያ የአንጎል ክፍል በይበልጥ የነቃባቸው ሰዎች፣ የባላንጣውን ደጋፊ የመሳደብና የመምታት ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደሆነ በመጠይቁ ራሳቸው ተናግረዋል። መናገርና ማድረግ ይለያያሉ፤ ሆኖም ስታዲየም ገብቶ ድንጋይ ሲወረወር ላየ ሰው ርቀቱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም።

በዚህ ላይ የማርክ ሌቪን እና የባልደረቦቹን የ2005 ጥናት የሚተካከል አላየሁም። በእንግሊዝ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ተማሪዎችን ጠሩ። በመጀመሪያ ስለሚደግፉት ቡድን መጠይቅ አስሞሏቸው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሕንፃ እንዲሄዱ ነገሯቸው። መንገድ ላይ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ያዳልጠውና ይወድቃል፣ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ያቃስታል። ሰውዬው የጥናቱ ተባባሪ ነው፤ ተማሪዎቹ አያውቁም። የዩናይትድ ማልያ ሲለብስ ከ13 ተማሪዎች 12ቱ ቆመው ረዱት። የሊቨርፑል ማልያ ሲለብስ ከ10ሩ 3ቱ ብቻ። ምንም የቡድን ምልክት የሌለው ልብስ ሲለብስ ከ12ቱ 4ቱ። ልብ በሉ፤ የሊቨርፑሉ ሰው የተስተናገደው እንደማንኛውም እንግዳ ሰው ነው። የተለየ ጥላቻ አልደረሰበትም፤ ወገን አለመሆኑ ብቻ በቃው።

ከዚያ ሙከራውን ደገሙት፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይረው። አሁንም ተሳታፊዎቹ የዩናይትድ ደጋፊዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጥናቱ ስለ ቡድናቸው ሳይሆን በጠቅላላው እግር ኳስን ስለሚወዱ ሰዎች እንደሆነ ተነገራቸው፤ መጠይቁም ኳስ ስለመውደድ ሆነ። የሚወድቀው ሰው ያው፣ መንገዱም ያው። የዩናይትድ ማልያ የለበሰውን ከ10 ሰዎች 8ቱ ረዱት። የሊቨርፑል ማልያ የለበሰውንም ከ10ሩ 7ቱ።

በዚህኛው ዙር መሬት ላይ የቀረው ማልያ ያልለበሰው ነው። ከ9 ሰዎች የረዱት 2 ብቻ ነበሩ።